እትብት የት ይቀበር? የቤትና የጤና ተቋም ወሊድ ክርክር ሲዳሰስ

አገሩን «እትብቴ የተቀበረበት» ብሎ የሚጠራ ሰው ሳያስበው ስለ ወሊድ ቦታም እየተናገረ ነው፤ የተወለደው እቤት ነው፣ እትብቱም ከደጃፉ አልራቀም። ሴት የት ትውለድ የሚለው ነገር ለብዙ ዘመን ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። በ2000 የተካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች 5ቱ ብቻ በጤና ተቋም መከናወናቸውን መዘገበ፤ በ2019 የተካሄደው አነስተኛ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን 48 አደረሰው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልማድ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲለወጥ እምብዛም አይታይም።

ሴቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ የተካሄደው ዘመቻ ግን የተጀመረው ቁጥሩን ለማሳደግ ሳይሆን እናቶችና ጨቅላዎች እንዳይሞቱ ነበር። ታዲያ ምን ያህል ተረፉ? የተረፉትስ የወሊዱ ቦታ ስለተቀየረ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? በዚህ ላይ ባለሙያዎች አንድ ቃል የላቸውም። አንዱ ወገን ወሊድ ሁሉ ወደ ጤና ተቋም ይግባ ይላል። ሌላው የልምድ አዋላጆችን ገፍቶ ማስወጣቱ ችኮላ ነበር ባይ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ድምፁ የጎላው ሦስተኛው ደግሞ እናቲቱ የትኛውን በር ገባች ከማለት ይልቅ ከገባች በኋላ ምን ተደረገላት ብለን እንጠይቅ ይላል። ይህ ጽሑፍ ወደ ሦስተኛው ያደላል፤ የሌሎቹ ማስረጃ ግን ሳይመዘን የሚታለፍ አይደለም።

ከጓዳ እስከ ጎንደር

የቤት ወሊድ የራሱ ሥርዓት ነበረው፣ አሁንም አለው። ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤቶች ከብበው «ማርያም ማርያም» እያሉ ይማጸናሉ፤ በሙስሊሙ ቤት ዱዓው ይደረጋል። ስትገላገል እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። በዚህ ምርቃት ውስጥ ያለችው «ማረችሽ» የምትል ቃል ብዙ ትናገራለች። ወላድ ከሞት አፋፍ የምትመለስ ሰው መሆኗን ያየ ማኅበረሰብ ያወጣት ቃል ናት።

የልምድ አዋላጇ ብዙውን ጊዜ ሙያተኛ ነኝ የምትል አይደለችም። አማት ናት፣ አክስት ናት፣ በመንደሩ እጇ የተመሰከረላት ባልቴት ናት። ወገብ ደግፋ ታስምጣለች፣ እትብት ትቆርጣለች፣ የእንግዴ ልጁ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ነገሩ በደህና ከሄደ ይህ ይበቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም በደህና ይሄዳል። በደህና ካልሄደ ግን በእጇ ያለው ጥቂት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚወርድ ደም፣ የእርግዝና የደም ግፊትና እሱ የሚያመጣው መንዘፍዘፍ፣ ሕፃኑ አልወጣ ብሎ የሚረዝም ምጥ፣ የማሕፀን ምርቀዛ፤ እነዚህ መድኃኒት፣ ደም ወይም ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ። ከረዘመው ምጥ በሕይወት የተረፈችው ሴት ፌስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ዓይነ ምድር የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ይዛ ልትቀር ትችላለች። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ካትሪን እና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 መጥተው፣ በ1974 አዲስ አበባ ላይ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል የከፈቱት በዚህ የተነሣ ነው።

ዘመናዊው አገልግሎት መጀመሪያ ላይ እናቲቱን ወደ ተቋም አምጡ አላለም። በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በአንድ ቡድን የሚሠሩ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር፦ የጤና መኮንን፣ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያና የማኅበረሰብ ነርስ። ነርሷ አዋላጅነትንም ተምራ ቤት ለቤት የምትሄድ ነበረች። ይህ ሐሳብ በኋላ ተረስቷል፤ ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ከ1978ቱ የአልማ አታ የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ጉባኤ በኋላ፣ በደርግ ዘመን፣ ፊት ወደ ልምድ አዋላጆች ዞረ። ሐኪም ለሁሉም የማይዳረስ ከሆነ በየመንደሩ ያለችውን ሴት እናሠልጥን ተባለ። ጥቂት ሳምንት ተምራ ምላጭ፣ ክርና ሳሙና ያለበት መያዣ ተሰጥቷት ወደ መንደሯ ተመለሰች። በዚያ ጊዜ የዓለም ፖሊሲም ይኸው ነበር።

ፍርዱ ሲገለበጥ

ለውጡ የመጣው ከውጭ ነው። በ1985 ሁለት ተመራማሪዎች፣ አለን ሮዘንፊልድና ዴቦራ ሜይን፣ «የእናቶችና ሕፃናት ጤና» በሚባለው ሥራ ውስጥ እናቲቱ የት አለች ብለው ጠየቁ፤ ክትባቱም ምግቡም ለሕፃኑ ነበርና። በ1987 ናይሮቢ ላይ የተደረገው ጉባኤ የጤናማ እናትነትን እንቅስቃሴ አስጀመረ። በ2004 የዓለም ጤና ድርጅት ከአዋላጆችና ከማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበራት ጋር ባወጣው የጋራ መግለጫ «የሠለጠነ አዋላጅ» ማለት አዋላጅ፣ ሐኪም ወይም የማዋለድ ሙያ ያላት ነርስ እንደሆነች ደነገገ። የልምድ አዋላጇ ብትሠለጥንም ባትሠለጥንም ከትርጉሙ ውጭ ሆነች። በአንድ ዐረፍተ ነገር የሁለት አሥርት ዓመታት ሥልጠና ከመዝገብ ወጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀላቀሉ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የሠለጠነ እጅ አንድ ነገር ነው፤ የጤና ተቋም ሌላ ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስዊድን ውስጥ አብዛኛዎቹ ሴቶች የሚወልዱት እቤታቸው ነበር፤ የሚያዋልዷቸው ግን ፈቃድ ያላቸው፣ የጀርም ማጥፊያ የሚጠቀሙ አዋላጆች ነበሩ። የእናቶች ሞትም ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ያነሰ ነበር። በአንጻሩ ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ዜመልቫይስ በ1847 ሐኪሞች እጃቸውን እንዲታጠቡ እስኪያዝ ድረስ፣ የሐኪሞቹ ማዋለጃ ክፍል ከአዋላጆቹ ክፍል ይልቅ ብዙ እናቶችን ይገድል ነበር። ጣሪያና አልጋ በራሳቸው ማንንም አያድኑም።

ታዲያ ኢትዮጵያ ለምን ተቋምን መረጠች? መልሱ ከሴቲቱ አካል ይልቅ ከመልክዓ ምድሩ ይመጣል። ተራራ ላይ ተበታትኖ ለሰፈረ ሕዝብ አንዲት አዋላጅ ነርስ በሌሊት ከመንደር መንደር ልትደርስ አትችልም፤ ጤና ጣቢያ ሆና ብትጠብቅ ግን ብዙዎችን ታገለግላለች። ከወሊድ በኋላ የሚወርደውን ደም የሚያስቆመው ኦክሲቶሲንም ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው፤ ጥንካሬው ግን ጤና ጣቢያው በእርግጥ ነርሷም መድኃኒቱም ማቀዝቀዣውም ካለው ነው።

ዘመቻው

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ወሊድ እንዲያስተናግዱም ታስቦ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ሥራቸው ነፍሰ ጡሯን መዝግቦ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ሆነ። ጤና ጣቢያዎች በሺዎች ተገነቡ፣ ለወረዳዎች አምቡላንስ ተሰጠ፣ ወሊድ በነፃ ሆነ። ከ2011 ወዲህ የሴቶች ልማት ቡድኖችና አንድ ለአምስት አደረጃጀቶች ነፍሰ ጡሮችን እየቆጠሩ ያስመዘግቡ ጀመር፤ «ከቤት ወሊድ ነፃ ቀበሌ» የሚል ማዕረግም መጣ።

የሴቶቹ መልስ ምን ነበር? በ2011ዱ ጥናት በጤና ተቋም ካልወለዱት 61 በመቶዎቹ «አያስፈልግም»፣ 30 በመቶዎቹ «ልማዳችን አይደለም» አሉ። ርቀትን ወይም የመጓጓዣ እጦትን የጠቀሱት ከእነዚህ በእጅጉ ያነሱ ነበሩ። ይህን መልስ እንደ አለማወቅ የሚቆጥሩ አሉ። ሌላ ንባብም ይቻላል፦ እናቷም አማቷም እቤት ወልደው የኖሩላት፣ ጤና ጣቢያው ምን እንደሚጨምርላት ያላየች ሴት «አያስፈልግም» ብትል የዓይኗን ምስክርነት ነው የሰጠችው። የጤና ጣቢያዎች መልስ የሚያስገርም ነበር። ብዙዎቹ ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ጀመሩ፤ የማዋለጃ ክፍሉ አጠገብ ምጣድና ጀበና ገባ። በፖሊሲ ሰነድ ቋንቋ «ለባህል ምቹ አገልግሎት» ይባላል፤ በሰፈሩ ቋንቋ አራሷ ገንፎዋን ሳትበላ አትሄድም ማለት ነው።

አስገድዶ የሞከረ አገርም አለ። ማላዊ በ2007 የልምድ አዋላጆችን ከለከለች፤ በ2010 ፕሬዚዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ እገዳውን አነሡ።

የተቋም ወገን ማስረጃ

የተቋም ወገን ዋና መሣሪያ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባለው ማብራሪያ ነው። ሴሪን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን በ1994 እንዳስቀመጡት እናቶች የሚሞቱት ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን፣ በመድረስና ከደረሱ በኋላ ተገቢውን እርዳታ በማግኘት ረገድ ስለሚዘገይባቸው ነው። መንገድ በሌለበት ሁለተኛው መዘግየት ማለት ቃሬዛ ነው፤ የመንደሩ ወንዶች እየተፈራረቁ ወላዷን ቁልቁለትና ወንዝ ያሻግራሉ።

ለዚህ መዘግየት የተገኘው መላ የእናቶች ማቆያ ነው፤ ቀኗ የደረሰ ሴት ምጥ ሳይመጣ በተቋሙ አጠገብ ትቀመጣለች። ወልቂጤ አቅራቢያ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ሠርቷል፤ የ22 ዓመት መዝገቡ (ከ1987 እስከ 2008) ተመርምሮም ታትሟል። በማቆያው በኩል ካለፉት እናቶች ሞት ከ100,000 ወሊድ 90 ያህል ሲሆን በቀጥታ ከመጡት ዘንድ 1,333 ነበር። ሞተው የተወለዱት ደግሞ ከ1,000 በማቆያው በኩል 18፣ በቀጥታ ከመጡት 191 ያህል ነበሩ።

እነዚህ ቁጥሮች በየስብሰባው ይጠቀሳሉ። አብሯቸው ሊጠቀስ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሁለቱ ወገኖች አይነጻጸሩም። ማቆያ የገባችው ሴት አስቀድማ የተመከረች፣ ቤቷን ትታ ለመቀመጥ የሚያስችላት ዘመድ ያላት ናት። «በቀጥታ የመጣችው» ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን አምጣ በቃሬዛ የደረሰች ናት። ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው ማለት አይቻልም። በኋላ በጅማ ዞን ማቆያዎችን አሻሽሎና የአካባቢ መሪዎችን አሠልጥኖ በዕጣ የተመደበ ሙከራ ሲካሄድ፣ በተቋም ወሊድ ላይ የታየው ጭማሪ በስታቲስቲክስ የሚረጋገጥ አልሆነም። ማቆያ ከንቱ ነው አያሰኝም፤ የአጣጥ ቁጥር ግን የትም ይደገማል ብሎ ማቀድ አይቻልም።

የሞቱ ቁጥር ምን ይላል?

በአገር ደረጃ የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር በ2000 871፣ በ2005 673፣ በ2011 676፣ በ2016 412 ሆኖ ተለካ። የመጨረሻው ቁልቁለት የዘመቻው ውጤት ይመስላል። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። አንደኛ፣ ልኬቱ የሚገኘው እህትማማቾችን በመጠየቅ ስለሆነ ከጥናቱ በፊት ያሉትን ሰባት ዓመታት ይጨምራል፤ የስሕተት ክልሉም ሰፊ ነው፣ ለ2016ቱ ከ273 እስከ 551። ሁለተኛ፣ በዚያው ዘመን ሌሎች ነገሮችም ተለውጠዋል። የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ2000 ከ100 ስምንት ነበሩ፤ በ2016 ሠላሳ ስድስት ሆኑ። በ2005 የወጣው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች አሰፋ፤ ቀደም ባሉት ዓመታት በሆስፒታል በተደረጉ ጥናቶች ከአደገኛ ውርጃ የሚመጣ ሞት ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። ከቅነሳው ምን ያህሉ የማዋለጃ ክፍሉ፣ ምን ያህሉ የመከላከያው፣ ምን ያህሉ የሕጉ ነው? ድርሻውን ለይቶ ያስቀመጠ አሳማኝ ሂሳብ የለም። የዘመቻው ፖስተር ግን ሁሉንም ለማዋለጃ ክፍሉ ይሰጣል።

የጨቅላዎቹ ቁጥር ይበልጥ ያስቸግራል። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ከ1,000 በ2000 49፣ በ2005 39፣ በ2011 37፣ በ2016 29 ነበሩ፤ በ2019 ደግሞ 33። በእነዚያ የመጨረሻ ሦስት ዓመታት የተቋም ወሊድ ከ26 ወደ 48 በመቶ ዘልሏል። የ2019ኙ ናሙና አነስተኛ ስለሆነ 29 ወደ 33 ሞት ጨመረ አያሰኝም፤ በስሕተት ክልሉ ውስጥ ነው። ጨቅላዎች ግን እንደ እናቶቻቸው ጉዞ መጠን አለመዳናቸው ግልጽ ነው።

ሕንድም ይህን አይታለች። በ2005 የጀመረችው ለተቋም ወሊድ ገንዘብ የሚከፍል ፕሮግራም ሴቶቹን በብዛት አመጣ፤ ሞት በዚያው ልክ ለመቀነሱ ግን ማስረጃው ደካማ ነው። በኡታር ፕራዴሽ ከ150,000 በላይ ወላዶችን ያካተተ፣ በ2017 የታተመ ሙከራ ደግሞ አዋላጆች የደኅንነት መመዝገቢያ ዝርዝር ይዘው እንዲሠሩ አሠለጠነ። እጅ መታጠቡ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠቱ ተሻሻለ፤ ሞት ግን አልቀነሰም።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ደቂቃ በቂ ናት፤ ቃል በቃል አንድ ደቂቃ። ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን በዚያች ጊዜ ውስጥ መድረቅ፣ መታሸት፣ ካስፈለገም በእጅ በሚጨመቅ ከረጢትና በልኩ በሆነ ጭምብል አየር ማግኘት አለበት። ከረጢቱ ቢሮ ተቆልፎበት ቁልፉ ለሳምንት ስብሰባ የሄደ ኃላፊ ኪስ ውስጥ ከሆነ ተቋም መወለዱ ምን ጠቀመው? ፓርቶግራፍም እንዲሁ ነው። የምጡን ሂደት በየሰዓቱ እየመዘገበ መዘግየቱን አስቀድሞ የሚያሳየው ይህ ወረቀት፣ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ለሪፖርት ሲባል ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሲሞላ ማየት ለሙያው ሰው እንግዳ አይደለም። መስመሩ ያምራል፤ ማንንም ግን አላስጠነቀቀም።

በ2018 የወጣው የሕክምና መጽሔቱ የላንሴት የጥራት ኮሚሽን ሪፖርት ከዚህ ተነሥቶ ወሊድን ከትናንሽ ጤና ጣቢያዎች ቀዶ ሕክምና ወዳለባቸው ሆስፒታሎች እናዛውር እስከማለት ደርሷል። በአዲስ አበባ ይህ ሊያስኬድ ይችላል። በአፋር ግን በ2016 በተቋም የወለዱት 15 በመቶ ያህል ሆነው ሳለ ከጤና ጣቢያ የራቀ ሆስፒታል መፍትሔ ነው ማለት ይከብዳል። የዚያው ዓመት የቀዶ ሕክምና ወሊድ ቁጥርም ሁለት አገር ያሳያል፦ በአገር ደረጃ 2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 21 በመቶ። አንዷ ቢላዋውን ስታጣ ትሞታለች፤ ሌላዋ ምናልባት ሳያስፈልጋት ትቀደዳለች።

የባልቴቷ ጠበቆች

የልምድ አዋላጆችን የሚደግፉት በናፍቆት ብቻ አይደለም የሚከራከሩት። በፓኪስታን ላርካና የተካሄደና በ2005 የታተመ ሙከራ፣ የልምድ አዋላጆች ሠልጥነው ከጤና ሥርዓቱ ጋር ሲገናኙ በወሊድ አካባቢ የሚሞቱ ሕፃናት በሠላሳ በመቶ ያህል መቀነሳቸውን አሳየ። በዛምቢያ ሉፍዋንያማ በ2011 የታተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ ትንፋሽ የማስጀመር ችሎታ የተማሩ አዋላጆች የጨቅላ ሞትን በግማሽ ገደማ ሊቀንሱ እንደቻሉ መዘገበ። ሁለቱም በዕጣ የተመደቡ፣ በታወቁ መጽሔቶች የወጡ ናቸው፤ ስለ እናቶች ሞት ግን ያን ያህል የተጣራ ነገር አላሳዩም፤ የሚወርደውን ደም የሚያቆመው እጅ አሁንም ሌላ ነው። የተረፈችው ሕይወት ግን የሕፃኑ ናት፤ ሊናቅ የሚገባው ማስረጃ አይደለም። በኢትዮጵያ ክርክር ውስጥ ከሞላ ጎደል አለመጠቀሱ ከሳይንስ ይልቅ ከፖሊሲ የመጣ ዝምታ ይመስላል።

አክብሮትና የእንግዴ ልጅ

ገንፎ የማይፈታው ነገርም አለ። እቤት ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ፣ ወገቧን የሚይዛት ሰው አጠገቧ ሆኖ የምትወልደው ሴት፣ ተቋም ስትገባ ጀርባዋ ላይ ተኝታ፣ ዘመዶቿ ከበር ውጭ ቀርተው፣ የማታውቀው ሰው እየገባ እየወጣ ትወልዳለች። ስትጮኽ የምትቆጣት ነርስ ካጋጠመቻት ወሬው ለጎረቤት ሳይደርስ አያድርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ማንጓጠጥን የመብት ጥሰት ብሎ መግለጫ አወጣ፤ በ2018 ባወጣው መመሪያም እናቲቱ የምትመርጠው ሰው አብሯት እንዲሆንና በምትመርጠው አቀማመጥ እንድትወልድ መከረ። ይህ ባልቴቷ ከጥንት ጀምራ የምታደርገው መሆኑን ማስታወስ ተንኮል አይሆንም።

የእንግዴ ልጁም አለ። በብዙ አካባቢ እቤት ግቢ ይቀበራል፤ በጤና ጣቢያ ደግሞ ለዚሁ በተቆፈረ ጉድጓድ ይገባል። ቤተሰብ ስጡን ብሎ ሲጠይቅ መስጠትም መከልከልም በተረኛው ሰው ፈቃድ ሲሆን ይታያል። ለሕክምናው ቅንጣት ነገር ነው፤ ለአያቲቱ ግን ልጁ ከዚያ ቤት ጋር የሚታሰርበት ክር ነው።

ጦርነትና የአራስ ቤት

የተገኘው ሁሉ በአንድ ወቅት ሊጠፋ እንደሚችል ትግራይ በጦርነቱ ጊዜ አሳይታለች። በ2016 በተቋም መውለድ ከግማሽ በላይ ከደረሰባቸው ክልሎች አንዷ ነበረች። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ 2020 አጋማሽ እስከ መጋቢት 2021 መጀመሪያ በክልሉ ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት በመደበኛ ሁኔታ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ተዘርፈዋል። እቤት መውለድ ነውር ነው ተብላ የተማረች ሴት የምትሄድበት ስታጣ የልምድ አዋላጇም እጇን ከሰበሰበች ሰንብታለች። እንዲህ ላለ ጊዜ የተዘጋጀ ዕቅድ አልነበረም።

የመጨረሻው ክፍተት ግን ጦርነት በሌለበትም አለ። አብዛኞቹ የእናትም የሕፃንም ሞቶች የሚደርሱት በወሊድ ሰዓትና በተከታዮቹ ጥቂት ቀናት ነው። መመሪያው ቢያንስ 24 ሰዓት ተቋም ትቆይ ይላል፤ አልጋ ሲጠብ፣ ቤት የተተዉ ልጆች ሲኖሩ ግን እናቲቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ትመለሳለች። እቤት ስትደርስ አራስ ናት። ክርስቲያን ከሆነች ልጁ ክርስትና እስኪነሣ፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ብዙ አትንቀሳቀስም። ስለዚህ የሚያያት ሰው ሊመጣላት ይገባል፤ በ1954 ጎንደር ላይ የታሰበችው ቤት ለቤት የምትሄድ ነርስ የምታስፈልገው እዚህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን እንድትሠራ ትጠበቃለች፤ ከብዙ ደርዘን ሌሎች ተግባራት ጋር። በ2016 በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙ እናቶች 17 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 34 ሆኑ። በዚያው ዓመት በተቋም የወለዱት 48 ናቸው። የሁለቱ መለኪያዎች መደብ ጥቂት ቢለያይም፣ ከ100 እናቶች ቢያንስ 14ቱ በጤና ተቋም ወልደውም በሁለት ቀን ውስጥ እንዴት ነሽ ብሎ ደም ግፊታቸውን የለካ ባለሙያ አላገኙም።